መኪና ቆሞ ሲጠብቅ የእጅ ፍሬን መቼ ይሳባል፣ መቼ ይተዋል? ለለማጆች

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚወጣው ዳገት ላይ ነን። መኪናው ተደርድሯል። የፊተኛው አይነቃነቅም። ከኋላ አንድ ሚኒባስ በጣም ተጠግቶናል። መሪውን የያዘችው ለማጅ ቀኝ እግሯን ፍሬን ላይ፣ ግራ እግሯን ፍሪሲዮን ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እግሯን ከፍሬኑ አነሳች፣ መኪናው ወደ ኋላ ሸርተት አለ፣ ሚኒባሱ ጡሩምባውን ለቀቀው። እጄን ሰድጄ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። መኪናው ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ እሱ መኪና አቁመን ስንወርድ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

ብዙ ለማጅ እንደ እሷ ነው የሚያስበው። ማንም ቁጭ ብሎ ስላላስረዳቸው ነው። ማርሽ አቀያየር ይማራሉ፣ ወደ ኋላ ማቆም ይማራሉ፣ ቆሞ መጠበቅ ግን ትምህርት አይመስልም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዳ ሰው ደግሞ ከመንገድ ጊዜው ብዙውን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። ስለዚህ ቆሞ መጠበቅን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ችሎታ እንየው።

መጀመሪያ ሁለቱን ፍሬኖች እንለያቸው

የእግር ፍሬን በፍሬን ዘይት ግፊት አራቱንም ጎማዎች ይይዛል። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው አውቶሞቢል ላይ በሽቦ ገመድ የሚሠራ ነው፤ የሚይዘውም የኋላ ሁለቱን ጎማዎች ነው። አንዴ ከተሳበ እዚያው ይቆያል። እግር ይደክማል፣ ይረሳል፣ ጫማ ያንሸራትተዋል፤ እጀታው ግን እስክትለቁት ድረስ አይንቀሳቀስም።

አንድ ሌላ ልዩነት አለ፣ ጥቂት ሰው ነው የሚያስተውለው። የእግር ፍሬን ስትረግጡ ከኋላ ቀይ መብራት ይበራል። የእጅ ፍሬን ስትስቡ አይበራም። ማታ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የእጅ ፍሬን የቆመ መኪና ለመያዝ ነው። እየሄደ ያለ መኪና ላይ ብትስቡት የኋላ ጎማዎቹ ይቆለፉና መኪናው ሊዞርባችሁ ይችላል፤ አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ በእግር ፍሬን ሙሉ በሙሉ ታቆማላችሁ፣ ከዚያ እጃችሁ ወደ እጀታው ይሄዳል።

መሳብ አለብኝ ወይስ የለብኝም?

ስትቆሙ ራሳችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። መንገዱ ሜዳ ነው ወይስ ያዘነበለ? የምቆመው ለምን ያህል ጊዜ ነው?

ያዘነበለ ከሆነ ሳቡ። ዳገትም ይሁን ቁልቁለት፣ ለአምስት ሴኮንድም ቢሆን። ለማጅ እስከሆናችሁ ድረስ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሜዳ ከሆነ ጊዜው ይወስናል። አንድ ትንፋሽ ወስዳችሁ ሳትጨርሱ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ የእግር ፍሬን ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሳቡ። ቀይ መብራት አሁን ከበራ ሳቡ። ሴኮንድ የሚቆጥር መብራት ከሆነና 4 ወይም 5 ብቻ ከቀረው ተዉት። የትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ የእናንተን መስመር ካስቆመ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆያችሁ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሳቡ።

እግረኛ ለማሳለፍ ዜብራ ላይ ስትቆሙስ? አንድ ሰው ፈጠን ብሎ የሚያልፍ ከሆነ የእግር ፍሬን ይበቃል። አዛውንት፣ ዕቃ የተሸከመች እናት ወይም ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ከሆኑ ግን ሳቡት። ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢገጫችሁ እግራችሁ ከፍሬኑ ላይ ሊነሳ ይችላል። ያን ጊዜ መኪናችሁ የሚሄደው ፊታችሁ በሚያልፉት ሰዎች ላይ ነው። የተሳበ የእጅ ፍሬን ግጭቱን አያስቀረውም፤ ወደ ፊት የምትገፉበትን ርቀት ግን ሊያሳጥረው ይችላል።

አንዳንድ አሠልጣኞች «ለማጅ የእጅ ፍሬን ካበዛ ይዘገያል» ይላሉ። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሴኮንድ ትዘገያላችሁ። ከኋላ ያለውም ይጮህባችኋል። ይጩህ። እጃችሁ ከለመደ በኋላ መዘግየቱ ይጠፋል። የምመክረው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጠራጠራችሁ ሳቡ። መተውን በኋላ ትማሩታላችሁ፣ እሱ ቀላሉ ነው።

ሜዳ ላይ፣ ቀይ መብራት ሲይዛችሁ

በእግር ፍሬን ቁሙ። የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማዎች አስፋልቱን የነኩበት ቦታ እስኪታያችሁ ድረስ ርቀት ተዉ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ማርሹን ዜሮ አድርጉና ግራ እግራችሁን ከፍሪሲዮኑ አንሱ። ፍሪሲዮን ረግጦ ቀይ መብራት የሚጠብቅ ሰው፣ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ ያለ ጥቅም እየፈጀ ነው።

ቀኝ እግራችሁን ግን ወዲያው አታንሱ። በስፖኪዮ ወደ ኋላ ተመልከቱ። የሚመጣው መኪና እስኪቆም ድረስ የፍሬን መብራታችሁ እንደበራ ይቆይ። መብራቱ «እዚህ የቆመ መኪና አለ» እያለ የሚናገርላችሁ እሱ ነው። ከኋላ ያለው ከቆመ በኋላ እግራችሁን አሳርፉ። ማታ ከሆነ ደግሞ ያ ቀይ መብራት የኋለኛውን ሹፌር ዓይን ከመውጋት ያርፋል። እንግሊዝ አገር ለመንጃ ፈቃድ የምትለማመዱ ወገኖች ይህንኑ በአገሩ የመንገድ ደንብ አንቀጽ 114 ላይ ታገኙታላችሁ፦ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ከኋላ ያሉት ሲቆሙ እግራችሁን ከፍሬን አንሱ ይላል።

የሌላኛው መስመር መብራት ቢጫ ሲሆን ወይም የፊታችሁ መኪኖች መነቃነቅ ሲጀምሩ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አንደኛ ማርሽ አስገቡና ተዘጋጁ።

ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት

ለማጅን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው። ብዙዎች የሚማሩት «ባላንስ» ነው፦ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ፣ ነዳጅ እየሰጡ፣ መኪናውን ዳገቱ ላይ አንጠልጥሎ ማቆየት። ለመነሻ አንድ ሁለት ሴኮንድ ከሆነ ትክክል ነው። ሰልፍ ለመጠበቅ ከሆነ ግን የፍሪሲዮን ሸራ ማቃጠል ነው። ያ የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ ካፍንጫችሁ ከደረሰ ገንዘባችሁ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው።

በእጅ ፍሬን የሚሠራው እንዲህ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ ከዚያ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ሞክሩት።

1. በእግር ፍሬን ቁሙ። የእጅ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ሳቡ። ማርሽ ዜሮ። አሁን የእግር ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁና መኪናው በእጅ ፍሬኑ ብቻ መያዙን አረጋግጡ። ከሸሸ መልሳችሁ ርገጡና አንድ ሁለት ጥርስ (እጀታው ሲሳብ «ቀጭ» የሚለው) ጨምሩበት። ከያዘ ሁለቱም እግራችሁ አረፈ።

2. ለመነሳት ስትዘጋጁ ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ ርገጡ። አንደኛ ማርሽ አስገቡ።

3. ነዳጅ ትንሽ ስጡና እዚያው ያዙት። ድምፁ የተስተካከለ ይሁን፤ አይጩህ፣ አይንቀጥቀጥ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ነዳጅ አዳማ ላይ ከሚበቃችሁ ይበልጣል። «እንደተማርኩት ሰጥቼ ጠፋብኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄ ነው።

4. ፍሪሲዮኑን በቀስታ አንሱ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ብድግ ይላል። መኪናው መሄድ እየፈለገ የእጅ ፍሬኑ የኋሊት የያዘው ያህል ይሰማችኋል። እዚህ ላይ ግራ እግራችሁን አቁሙት። አይውጣ፣ አይውረድ።

5. ስፖኪዮ ተመልከቱ፤ ዳር ላይ ከነበራችሁ ትከሻችሁን አዙራችሁ ጭምር። ሞተር ሳይክልና ባጃጅ እዚያ ይደበቃል።

6. የእጀታውን ጫፍ ተጭናችሁ የእጅ ፍሬኑን እስከ ታች ልቀቁ። እግሮቻችሁ እንዳሉ ይቆዩ። መኪናው ወይ ባለበት ይቆማል ወይ ወደ ፊት ይሳባል።

7. ነዳጅ ጨምሩ፣ ፍሪሲዮኑን በእርጋታ ጨርሳችሁ ልቀቁ።

ስድስተኛው ላይ ነው ሁሉ የሚበላሸው። እጅ ሲወርድ ግራ እግርም አብሮ የመነሳት ጠባይ አለው፤ ሞተሩም ይጠፋል። መድኃኒቱ መለማመድ ነው፦ መኪናውን ሳታስኬዱ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ያለውን ደጋግሙ። ልቀቁ፣ መልሳችሁ ሳቡ፣ ልቀቁ። አሥር ጊዜ ያህል። ፍሪሲዮኑ እንዳይግል በመሀል አሳርፉት። እጅና እግር ተለያይተው መሥራት የሚለምዱት እንዲህ ነው።

ወደ ኋላ ከሸሸስ? ፍሪሲዮኑን አትመኑ። ቀኝ እግራችሁን ወደ ፍሬን ውሰዱና ርገጡ፣ ፍሪሲዮኑንም ርገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ሞተሩ ከጠፋም ያው ነው፦ ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ ዜሮ ማርሽ፣ ከዚያ ቁልፍ። ሰው ሲጮህባችሁ በጥድፊያ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት እጀታውን ሳቡ። እጀታው ከተሳበ ምንም አይመጣባችሁም፤ ጩኸት መኪና አይገፋም።

ቁልቁለት ላይ መነሳት ከዚህ በጣም ይቀላል። የእግር ፍሬን ትረግጣላችሁ፣ ማርሽ ታስገባላችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ትለቃላችሁ፣ ከዚያ እግራችሁን ከፍሬኑ እያነሳችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋችሁ ትለቃላችሁ። ነዳጅ አያስፈልግም።

የሚረሱ አጋጣሚዎች

እንደኔ አደገኛው ሰዓት ሰልፍ ላይ አይደለም። ሐሳባችሁ ከመንገዱ ላይ የሚነሳበት ሰዓት ነው። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሟችሁ መንጃ ፈቃድ ከኪስ ስትፈልጉ። ከኋላ ወንበር የወደቀ የልጅ ጠርሙስ ለማንሳት ስትዞሩ። በመስኮት ሂሳብ ስትቀበሉ። ሰውነት ሲዞር እግር ሳይታወቅ ይላላል፤ እናንተ ፍሬን የያዛችሁ ይመስላችኋል፣ መኪናው ግን መንሸራተት ጀምሯል። ስለዚህ እጃችሁ ከመሪው ላይ ተነስቶ ሌላ ነገር ሊሠራ ከሆነ፣ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ይሳብ።

ሰው ስታወርዱና ስትጭኑም እንዲሁ። አንድ እግሯ መሬት፣ አንድ እግሯ መኪና ውስጥ ያለች እናት ካለች ሩብ ሜትር መሸሽ እንኳ ብዙ ነው። የመንገደኛው በር እስኪዘጋ ድረስ እጀታው እንደተሳበ ይቆይ።

መቼ ትተዉት?

ሰልፉ እንደ ቀንድ አውጣ ሳያቋርጥ እየተሳበ ከሆነ ሜዳው ላይ በእግር ፍሬን ተከተሉ። አደባባይ ጋ ደርሳችሁ ክፍተት ስትጠብቁ፣ ክፍተቱ አሁኑኑ የሚመጣ ከሆነ ተዉት፤ መኪናው ማለቂያ የሌለው ከሆነ ግን ሳቡ። ሌላው ዝናብ ነው። ክረምት ላይ መኪናውን ለቀናት ሜዳ ላይ የምታቆሙት ከሆነ የእጅ ፍሬን ሳትስቡ በማርሽና በጎማ ታኮ ብታቆሙት ይሻላል። እርጥብ ሸራ ተስቦ ለቀናት ከቆመ ዝገት ሊያጣብቀው ይችላል፤ ለመነሳት ስትሉ ጎማው አልዞር ይላችኋል።

አቁማችሁ ስትወርዱ

ማኑዋል መኪና ከሆነ በእግር ፍሬን ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ የእግር ፍሬኑን ልቀቁና መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ። ከዚያ ሞተር አጥፍታችሁ ማርሽ አስገቡ፦ አፍንጫው ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ። ማርሹ ሁለተኛ ዋስትና ነው። በተለይ እንደ ጣርማ በር ካለ ረጅም ቁልቁለት ወርዳችሁ ፍሬኑ ሳይበርድ ካቆማችሁ ማርሹን እንዳትረሱ። የጋለ ዲስክ ሲቀዘቅዝ ስለሚሳሳ የእጅ ፍሬኑ አያያዝ ሊላላ ይችላል።

ጎማውንም አዙሩ። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ቁልቁለት ላይ ጎማው ወደ ቀኝ፣ ወደ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ይዙር። ዳገት ላይ ጠርዝ ካለ ወደ ግራ ይዙር፤ መኪናው ቢሸሽ የፊት ጎማው ጀርባ ጠርዙ ላይ ይደገፋል። ጠርዝ ከሌለ በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ፣ መኪናው ቢሸሽ ወደ መሀል መንገድ እንዳይገባ። አሜሪካ ያላችሁም ይህንኑ ትከተላላችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ በግራ ስለምትነዱ ግራና ቀኙን ገልብጡት።

አውቶማቲክ ለያዛችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ፒ» ላይ ማስገባት የእጅ ፍሬን አይደለም። ካምቢዮው ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የብረት ጥርስ ነው መኪናውን የሚይዘው። ዳገት ላይ በቀጥታ ፒ አስገብታችሁ እግራችሁን ካነሳችሁ የመኪናው ክብደት ሁሉ እዚያ ጥርስ ላይ ያርፋል። ስትነሱ ማርሹ «ጧ!» ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። በእግር ፍሬን ቁሙ፣ ማርሹን «ኤን» (ዜሮ) አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የእግር ፍሬኑን ልቀቁና መኪናው ይደላደል፣ ከዚያ መልሳችሁ እየረገጣችሁ ፒ አስገቡ።

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ለማጅ የሚገዛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። አብዛኞቹ ላይ እጀታው የለም፤ በምትኩ ትንሽ ቁልፍ አለ። ብዙዎቹ ላይ «አውቶ ሆልድ» የሚባልም አለ፤ ስትቆሙ ፍሬኑን ራሱ ይይዝላችኋል፣ ነዳጅ መስጫው የነበረውን ፔዳል ስትነኩ ይለቃል። ሰልፍ ላይ በጣም ያሳርፋል፣ ተጠቀሙበት። ከመኪናው ስትወርዱ ግን በእሱ አትተማመኑ። የማቆሚያ ፍሬኑን ቁልፍ ራሳችሁ አሠሩት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራቱ መብራቱን አይታችሁ ውረዱ።

የእጅ ፍሬናችሁ ይሠራል?

ይህን ሁሉ ብዬ የእጅ ፍሬኑ የማይዝ ከሆነ ከንቱ ነው። ደግሞም ከተማው ውስጥ የእጅ ፍሬን የማይዝ መኪና ሞልቷል። ሜዳና ሰው የሌለበት ቦታ ፈልጉ፣ ከፊታችሁም ባዶ ይሁን። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። መኪናው እየታገለ ባለበት ከቆመ ደህና ነው፤ ወዲያው ፍሪሲዮኑን ርገጡ። እንደ ልቡ ወደ ፊት ከሄደ ጋራዥ ይሂድ። ጥርሱንም ቁጠሩ። ድሮ በ6 ጥርስ የሚይዝ የነበረው ዛሬ 10 ካስፈለገው ሽቦው ላልቷል ወይም ሸራው አልቋል።

እጀታውን ለቃችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ የፍሬን መብራት ካልጠፋ ሙሉ በሙሉ አልወረደም ይሆናል። ከወረደና አሁንም ከበራ ግን የፍሬን ዘይት ሳትፈትሹ አትንቀሳቀሱ። በብዙ መኪና ላይ ያው መብራት ዘይት መጉደሉንም ነው የሚናገረው።

እስኪጠገን ድረስ ጎማ ሥር ድንጋይ የምትደግፉ ከሆነ፣ ስትነሱ ድንጋዩን አንስታችሁ ከመንገዱ አውጡት። ማታ በዚያ መንገድ ሞተር ሳይክል ይመጣል።